«ደረቀ» ስለሚለው ቃልና ስለ ሕፃናት ድርቀት

በቋንቋችን «ደረቀ» የሚለው ቃል ብዙ አገልግሎት አለው። ልብስ ይደርቃል፤ ወንዝ ይደርቃል፤ ቁስልም ይደርቃል። ምክር የማይሰማ ሰው «ደረቅ» ይባላል፤ ኀፍረት የሌለው «ዓይነ ደረቅ» ነው፤ በገበያ የተታለለም «በደረቁ ላጩኝ» ብሎ ያማርራል። በጤና ረገድ ግን ድርቀት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ይጠብቃል፣ ሁለተኛው ይገድላል።

የሚጠብቀው እንዲህ ነው። ተሕዋስያንና ሻጋታ ያለ ውሀ ሊራቡ አይችሉም። ስለዚህ እናቶቻችን ሥጋውን ቋንጣ፣ እንጀራውን ድርቆሽ አድርገው ያቆዩታል። በቆሎም ወደ ጎተራ ከመግባቱ በፊት እርጥበቱ ከመቶ 13 እጅ ገደማ እስኪደርስ ድረስ ሊደርቅ ይገባዋል። እርጥቡ ቢከማች አፍላቶክሲን የተባለውን ጉበት የሚጎዳ መርዝ የሚያወጣ ሻጋታ ይበቅልበታል፤ ይህንንም መርዝ ማብሰል ፈጽሞ አያስወግደውም። የታጠበ ዕቃም ባደፈ ጨርቅ ከሚወለወል በንጹሕ መደርደሪያ ላይ ተደፍቶ ቢደርቅ ይሻላል።

የሚገድለው ደግሞ በተቅማጥና በትውከት ምክንያት የሰውነት ውሀና ጨው ማለቅ ነው። እኛ ባሕር ማዶ ተምረን እንደ ተመለስን ልጇን ላመጣች አንዲት እናት «ሕፃኑ ድርቀት ይዞታል» አልናት። እርሷም «ኧረ ጌታዬ፣ ሆዱስ አልደረቀም፤ አልቆም ብሎት ነው ያመጣሁት» አለችን። ተቅማጡ ይደርቅ ብላም ውሀ ከልክላው ነበር። ጥፋቱ የእርሷ ሳይሆን የአነጋገራችን ነበር፤ እርሷ ድርቀት ስንል የሰማችው የሆድ ድርቀትን ነውና። ከዚያ ወዲህ «የሰውነቱ ውሀ አልቋል» እንላለን።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፤ ዓይን ይሰረጉዳል፤ አፍና ምላስ ይደርቃል፤ ሲያለቅስ እንባ አይወጣም፤ ሽንት ያንሳል፤ የሆድ ቆዳ ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ቶሎ አይመለስም።

ተቅማጥ እንደ ጀመረ የእናት ጡት ሳይቋረጥ ኦ አር ኤስ የተባለው የሕይወት አድን ቅመም በፓኮው ላይ በተጻፈው ልክ በንጹሕ ውሀ ተበጥብጦ ይሰጥ። እርሱ ካልተገኘ በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሀ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው መበጥበጥ ይቻላል። ጨው ከልኩ ካለፈ ይጎዳል። ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል፤ ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ያህል ቆይቶ በዝግታ እንደገና ይሰጠው። ጤና ጣቢያም ከ10 እስከ 14 ቀን የሚወሰድ የዚንክ ክኒን ይሰጣል። ሕፃኑ ከደከመ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ደም ከታየ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፤ ስለ «ደረቀ» የሰዋስው ትምህርት ስትሰጡ ይህንንም ጨምሩበት። ተማሪው ማታ ቤቱ ገብቶ «ተቅማጥ የያዘው ልጅ ውሀ አይከልከል» ቢል አንድ ታናሽ ወንድሙን ሊያድን ይችላልና።