መጀመሪያ የተቀባዩን ኮድ

ካርቱም፣ ሐበሻ በሚበዛበት አል-ሳሃፋ፤ በፈረንጆቹ 2023 ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት። ልጅቱ ቨርቹዋል ማሽን በሚያስኬደው ሶፍትዌር በኪውኤሙ ላይ የተደረገ፣ እንድትገመግመው አንድ ፕሮግራመር የላከላትን የኮድ ለውጥ (ፓች) ለጋሼ እያሳየች ነው።

— ለውጡ አጭር ነው ጋሼ። ለኔትዎርክ ካርዱ አንድ ቁጥር ጨምሮ፣ ማሽኑ ሲዛወር አብሮ እንዲላክ አድርጓል። አይቼዋለሁ ብዬ ልፈርምለት?

— ቆይ እንጂ። ቨርቹዋል ማሽን ሳይጠፋ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚዛወረው እንዴት ነው?

— ማሽኑ እየሠራ ሚሞሪው ይገለበጣል፤ በመሃል የተቀየሩት ገጾች ደግመው ይላካሉ። የቀረው ሲያንስ ለአፍታ ይቆምና የፕሮሰሰሩና የመሣሪያዎቹ ሁኔታ ተልኮ ማዶ ይነሣል።

— ጎሽ! በፈረንጆቹ 2005 የካምብሪጅና የኮፐንሃገን ተመራማሪዎች ዜን በተባለው የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር ላይ ያሳዩት ይህንኑ ነው። ሰዎች እየተጫወቱበት ያለ የኩዌክ 3 ጌም ሰርቨር አዛውረው የቆመው 60 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ይህ ፓች የሚነካው ያቺን አፍታ ነው። ለመሆኑ ማዶ ያለው ኪውኤሙ ስንተኛው ቨርዥን ነው?

— አዲሱ ነዋ።

— ማን አለሽ? ሰርቨሮቹ የሚታደሱት ተራ በተራ ነው፤ እስኪያልቁ ድረስ አዲሱም ወደ አሮጌው ይልካል። የሚሄደው ደግሞ ተከታታይ ባይት ነው፤ መሃል ላይ አንድ ነገር ጣል ካደረገበት አሮጌው ከዚያ ወዲያ የሚያነበው ሁሉ ይዛባል።

— የቨርዥን ቁጥሩን ከፍ ቢያደርገውስ?

— ያኔ አሮጌው አልቀበልም ይላል፤ መዛባቱ ቀረ፣ መዛወሩም ቀረ። አዲሱን ቁጥር በንዑስ ክፍል ለብቻው ያስቀምጠው፤ ሲያስፈልግ ብቻ ይላክ። ለአሮጌ የማሽን ዓይነት ጭራሽ ይዘጋ።

— እሺ፣ ጻፍኩለት።

— አሁን የተቀባዩን ወገን አንብቢ፤ ብዙ ገምጋሚ የሚዘለው እሱን ነው። ቁጥሩ ምን ይሠራል?

— ከካርዱ ስምንት ወረፋዎች አንዱን ይመርጣል።

— ሃምሳ ተብሎ ቢመጣስ?

— የላከው የራሳችን ሰርቨር አይደለም እንዴ?

— ከኔትዎርክ የመጣ ባይት አይታመንም፣ ልጄ። በፈረንጆቹ 2013 ኪውኤሙ ውስጥ እንዲህ ያሉ ቀዳዳዎች በጅምላ ነው የተገኙት፤ የመጣውን ቁጥር ሳይፈትሹ ከተመደበላቸው ሚሞሪ ውጭ የሚጽፉ መሣሪያዎች። ወሰኑን ይፈትሽ፤ ካለፈ ስህተት ይመልስ።

— ስህተት ሲመልስ ግን ማሽኑ የት ይቀራል?

— ይህን ጥያቄ ነው ስጠብቅ የነበረው! ላኪው ካቆመበት መቀጠል አለበት፤ ሙሉው ማሽን ያለው እሱ ጋ ነው። ፓቹ ዝውውሩ ሳይሳካ አንዳች ነገር ካፈረሰ መመለሻ የለም። ማሽኑ ቀድሞ ተነሥቶ ሚሞሪው በኋላ በሚከተልበት ስልት ደግሞ ይብሳል፤ መስመሩ ቢበጠስ ሙሉው ማሽን ከሁለቱም ጋ የለም።

— እንግዲያው አልፈርምም። ከአሮጌ ወደ አዲስ፣ ከአዲስ ወደ አሮጌ ያዛውር፤ በመሃልም መስመሩን ይበጥስና ውጤቱን ይላክልኝ።

— ጻፊለት። የሚሞክርበትንም ትእዛዝ ጨምሪለት።