ከእናቴ ጋር ወደ ጎንደር

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ነው። እናቴ 74 ዓመታቸው ነው። የጎንደርን ግንብና አባታቸው የተቀበሩበትን የገጠር ደብር አብረን እንድናይ ይመኛሉ። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ከጸጥታው ይጀምሩ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ የአማራ ክልል ውጊያ ያየ ስለሆነ፣ የገጠሩ መንገድ ሰላም መሆኑን ከዘመድ ሳይሰሙ ቲኬት አይቁረጡ። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ሐኪማቸውን ያማክሩ፣ ሲደርሱም ሁለት ቀን ይረፉ።

ፋሲል ግቢን በጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ ይዩት። እኔ ግን አብልጬ የምወደው ቁስቋምን ነው፤ የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ፍርስራሽ። እዚያ ቁጭ በሉና እናትዎ ያውጉ፤ ድምፃቸውን በስልክዎ ይቅዱ።

የሴንት ፖል አየርላንዳውያን የአያቶቻቸውን ስም ከደብር የጥምቀት መዝገብ ይፈልጋሉ። በእኛ ገጠር መዝገቡ በአብዛኛው የሽማግሌ አንደበት ነው። ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት የአያትዎን የክርስትና ስም ይጠይቁ፤ ካህኑ ጸሎት የሚያደርሱት በዚያ ስም ነውና። ብዙ ልጆች የሚያውቁት የዓለም ስሙን ብቻ ነው። ነጠላና ጧፍ ይያዙ። መቃብሩ ዘንድ ሲደርሱ ካሜራውን ያስቀምጡ፤ እናትዎ መጀመሪያ ያልቅሱ።