እንግዳ ፊልም ሲመጣ

ባለፈው ሴሚስተር አንድ ሐሙስ ማታ የማኅበራችን የፊልም ኮሚቴ በአዳራሹ አንድ የፈረንሳይ ፊልም ማሳየቱን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ፊልሙ በተጀመረ በሦስተኛው ደቂቃ ገደማ ከወደ ኋላ አንድ ሰው «ቆሟል! አስነሡት!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሣቅ ተሞላ። ከዚያ በኋላ ፉጨት ሆነ፤ ወንበር መደብደብ ሆነ፤ ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ እኩሌታው ተመልካች ወጥቶ ሄደ። ያ የጮኸው ሰው እኔ ነበርሁ። ከወጡትም የመጀመሪያው እኔው ነኝ።

የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ግን እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ኖሯል። ዘግይቶ ሲገባ እንዴት ነበር ብዬ ብጠይቀው፣ ጫማውን እያወለቀ «አንተ ወጣህ እንጂ ዐይኗን ገለጠች» አለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ሌላ አልጨመረም። ይህች አንዲት ቃል ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትከነክነኝ ከርማ በመጨረሻው ፊልሙን ተውሼ ብቻዬን አየሁት።

አሁን ኮሚቴው እንዲህ ያሉት ፊልሞች በሐሙሱ ፕሮግራም ይቀጥሉ ወይስ ይቅሩ የሚለውን ነገር ለአባላት ድምፅ አቅርቦታል። ይቅሩ የሚሉት ወገኖች የሚጠቅሱት ማስረጃ ያንኑ ማታ ነው፤ ማለት የእኔን ጩኸት ነው። ስለዚህ ድምፅ ከመሰጠቱ አስቀድሞ፣ ከዚያ ወዲህ ያየኋቸውን ፊልሞችና የአመለካከታቸውን ዘዴ ለወንድሞቼና ለእኅቶቼ ማቅረብ ዕዳ ሆነብኝ።

በመጀመሪያ እንግዳ ፊልም የምንለው ምን ዐይነቱን እንደ ሆነ እንወስን። የለመድነው ፊልም ብዙ ሕግ አለው፤ ነገር ግን ከልጅነታችን ጀምሮ ስለምናውቀው ሕግ መሆኑን ረስተነዋል። ሰውየው ከቤቱ ሲወጣ አይተን ወዲያው ቢሮው ሲገባ ብናይ፣ መንገዱ ወዴት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ ከመካከላችን የለም። ሁለት ሰዎች በጨለማ ሲሳሳሙ ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ ሙዚቃ ቢሰማ፣ ሙዚቀኞቹ የት ተቀምጠዋል አንልም። እንግዳ ፊልም እንግዲህ ከነዚህ ሕጎች አንዱን አፍርሶ በምትኩ የራሱን ሕግ የሚያቆም ነው። ማፍረሱማ ቀላል ነው፤ ማንም ያፈርሳል። ችግሩ የራስን ሕግ አቁሞ እስከ መጨረሻው በታማኝነት መጠበቁ ላይ ነው።

ስለዚህ ፊልሙ እንደ ተጀመረ «ትርጕሙ ምንድን ነው?» ብለን አንነሣ። ይህ ከፈተና ክፍል ይዘነው የመጣን ልማድ ነው። በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት መጠየቅ ያለበት «የዚህ ፊልም ሕግ ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ሕጉ ከተገኘ ትርጕሙ በራሱ እግር ይመጣል፤ ባይመጣም ጨዋታው አይጎድልም።

ያን ማታ የታየውን ፊልም እንመርምር። ስሙ «ላ ዥቴ» ነው፤ ክሪስ ማርከር የተባለው ፈረንሳዊ በ1962 ያወጣው ነው (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው)። ሦስተኛው የዓለም ጦርነት ፓሪስን አጥፍቷታል፤ የተረፉት ሰዎች ከምድር በታች ይኖራሉ። ከመካከላቸው አንድ እስረኛ፣ በልጅነቱ በኦርሊ አውሮፕላን ማረፊያ ያያትን የአንዲት ሴት ፊት ሊረሳ አልቻለም። ሊቃውንቱ በዚህ ትዝታ ኀይል ወደ ኋላ ዘመን ይልኩታል። ይህ ሁሉ የሚነገረው በማይንቀሳቀሱ ፎቶግራፎችና በአንድ ተራኪ ድምፅ ብቻ ነው። እንግዲህ መኪናው አልቆመም ነበር፤ ሕጉ ይኸው ነበር።

ለምን እንዲህ ሆነ ብንል፣ ፊልሙ ስለ ትዝታ ስለ ሆነ ነው። አንባቢ ሆይ፤ በሞት የተለየህን ሰው ፊት እስቲ አሁን አስበው። እየተራመደ ይመጣልሃልን? እኔ አያቴን ሳስብ፣ በበሩ ላይ ቆማ እጇን በቀሚሷ ስትጠርግ አያታለሁ፤ እጇ ግን አይንቀሳቀስም፤ እንደ ተያዘ ይቀራል። ማርከር ይህን ዐውቆ ፊልሙን ሁሉ በዚህ ሠራው። ከእኩሌታው ካለፈ በኋላ ሴትዮዋ ተኝታ ትታያለች፤ ፎቶግራፎቹ እየተቀራረቡ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየቀለጠ ይሄድና ዐይኗን ትገልጣለች፤ ደግሞም ትርግብ ታደርገዋለች። በእውነት ትንቀሳቀሳለች። ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው፤ በሌላ ፊልም ቢሆን ማንም ልብ አይለውም ነበር። በዚያ ሰዓት እኔ ካፌ ተቀምጬ ሻይ እጠጣ ነበር። (በ1995 የወጣውን የቴሪ ጊሊያምን «ትዌልቭ መንኪስ» ያያችሁ፣ ያ ትልቅ ፊልም ከዚህች የ28 ደቂቃ ፊልም የተወለደ መሆኑን ዕወቁ።)

ለዚህ ዐይነቱ ነገር ጭራሽ እንግዳ የሆነ ሰው ግን በማርከር ባይጀምር ይሻላል፤ ከባስተር ኪተን ይጀምር። የ1924ቱ «ሸርሎክ ጁኒየር» ድምፅ የሌለው ሆኖ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው። የሲኒማ ቤት ፊልም የሚያሳይ አንድ ወጣት በሥራው ላይ እንቅልፍ ይጥለውና በሕልሙ ተነሥቶ ወደ መጋረጃው ውስጥ ይገባል። ሰውየው ገባ እንጂ ፊልሙ ስለ እሱ ግድ የለውም፤ ሥዕሉ በተለወጠ ቍጥር ቦታው ይለወጥበታል። አግዳሚ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ሲል መኪና የሚተላለፍበት ጎዳና ይሆንበታል፤ ከባሕር መካከል ካለው ድንጋይ ተወርውሮ ሊዋኝ ሲል በረዶ ውስጥ ይተከላል። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ዓለም ይለወጣል፣ ሰውነቱ ግን ካለበት አይናወጥም። የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ይህን ስሙ፤ ኪተንና ካሜራ አንሺዎቹ ይህን የሠሩት ሰውየው ከካሜራው ያለውን ርቀት በመሬት ቀያሾች መሣሪያ እየለኩ ነው። በዚሁ ፊልም ውስጥ ከባቡር መንገድ ዳር ካለ የውሃ ታንከር የወረደው ውሃ ጥሎት ማጅራቱ በሐዲዱ ላይ ተመታ። የአንገቱ አጥንት መሰንጠቁ የታወቀው ከዓመታት በኋላ በራጅ ሲታይ ነው። ሥዕሉ ግን እንደ ተነሣ በፊልሙ ውስጥ አለ፤ ተነሥቶ ሲሮጥ ታዩታላችሁ።

ሁለተኛ የምመክረው የሉዊስ ቡኙኤልን ነው። ይህ ስፓኛዊ በ1962 በሜክሲኮ «ቀሣፊው መልአክ» የሚባል ፊልም ሠራ። ሀብታሞች ከኦፔራ በኋላ ለእራት ይጠራሉ። አሽከሮቹ ምክንያቱን ሳይናገሩ አንድ በአንድ ቤቱን ለቅቀው ይሄዳሉ። እራት ተበላ፤ ፒያኖ ተመታ፤ መሸ፤ ከእንግዶቹ ግን የሚወጣ የለም። በሩ ክፍት ነው፤ የሚከለክል ዘበኛ የለም፤ ነገር ግን አንድም ሰው ከሳሎኑ ደፍ አያልፍም። ወለል ላይ ይተኛሉ። ቀናት ያልፋሉ። ውሃ ፍለጋ ግድግዳውን ሰብረው ቧንቧውን ያወጣሉ፤ በቤቱ ውስጥ የሚዞሩትን በጎች አርደው ይጠብሳሉ። የጨዋነት ንግግራቸው ግን መጀመሪያ ላይ አይቀርም፤ እያደር ነው የሚላላው። ለምን እንደማይወጡ ፊልሙ ከቶ አይነግረንም፤ ቡኙኤል ይህን ሕግ አንዲት ጊዜ እንኳ አልጣሰም። እኔ በበኩሌ ያን ያህል አላስገረመኝም። በሰው ቤት ተጋብዞ፣ መሽቶበት፣ «ልሂድ» ብሎ የመጀመሪያው ተነሺ ለመሆን አፍሮ የማያውቅ ማን ነው? ቡኙኤል ያችን እፍረት ብቻ ወስዶ እስከ ሞት አፋፍ አደረሳት።

የዣክ ታቲን «ፕሌይታይም» (1967) በአጭሩ ልጥቀስ። ታቲ ለዚህ ፊልም ከፓሪስ ዳር አንድ ሰፈር የሚያህል የመስተዋትና የብረት ከተማ አሠራ፤ በመጨረሻውም በዕዳ ከሰረ። ፊትን አቅርቦ ማሳየት የለም፤ ዋና ሰውም ያለ አይመስልም፤ መጋረጃው ሰፊ ሜዳ ነው፤ በየማዕዘኑ አንድ ነገር ይሠራል። አንድ የምግብ ቤት ዘበኛ የመስተዋት በሩ ከተሰበረ በኋላ እጀታውን ብቻ ይዞ በሩን እንደሚከፍትና እንደሚዘጋ ሆኖ እንግዶችን ያስተናግዳል። ይህን ፊልም በስልክ ማየት ግን ጊዜ ማጥፋት ነው።

አሁን ወደ አህጉራችን እንመለስ። የሴኔጋሉ ጂብሪል ዲዮፕ ማምቤቲ በ1973 ያወጣው «ቱኪ ቡኪ» ስሙ በዎሎፍ ቋንቋ «የጅብ ጉዞ» እንደ ማለት ነው። ሞሪ የከብት ጠባቂ ልጅ ነው፤ በሞተር ብስክሌቱ ፊት የበሬ ቀንድ አስሮ በዳካር ይዞራል። አንታ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ሁለቱም ወደ ፓሪስ ሊሄዱ ይፈልጋሉ፤ ለመርከቡ ገንዘብ እየሰረቁ ያጠራቅማሉ። ገና ከመጀመሪያው ከብቶች ሲታረዱ በግልጽ ይታያል፤ ሆዱ የማይችል ይህን አስቀድሞ ይወቅ። በሥዕሉ ላይ የዳካር አቧራ ሲታይ፣ ከበላዩ የጆሴፊን ቤከር የፓሪስ ዘፈን እየተመላለሰ ይሰማል። ሕጉ ይህ ነው፤ ዐይናችን አገር ውስጥ ነው፣ ጆሯችን ግን ተሰዷል። የቱ ሕልም የቱ እውነት እንደ ሆነ ለመለየት ያስቸግራል። በመጨረሻው ከመርከቡ መውጫ ላይ አንደኛው ይሳፈራል፤ ሌላው ፊቱን አዙሮ ይሮጣል። ማን የትኛው እንደ ሆነ አልናገርም። ይህን ፊልም ከአራት ጓደኞቼ ጋር አየሁት፤ ከአራቱ ሁለቱ ለውጭ አገር ስኮላርሺፕ ማመልከቻ ያስገቡ ናቸው። ፊልሙ ካለቀ በኋላ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተከራከርን፤ ክርክሩም ስለ ሲኒማ አልነበረም።

የአገራችንን ሰው ሥራ አለማንሣት ነውር ነው። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ1974 በአገር ቤት በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲያነሣ በሎስ አንጀለስ ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ፊልሙ በ1976 ወጣ። ጥቍርና ነጭ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ጊዜው የሚቈጠረው በገበሬው ሥራ ነው፤ ለዚህ ነው የሚዘገየው። ከበበ የሚባለው፣ ሰው ሁሉ እብድ የሚለው ሰውዬ ሲናገር አድምጡት። መዘግየቱ ሰልችቶኝ ሁለት ጊዜ አቋርጬዋለሁ፤ በሦስተኛው ግን ጨረስሁት።

በሌላ በኩል፣ ግራ የገባው ፊልም ሁሉ ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። ሕግ አፍርሰው የራሳቸውን ያላቆሙ፣ ተመልካቹን ለማደናገር ብቻ ነገር የሚያግተለትሉ አሉ፤ እኔም በዚህ ሴሚስተር ሦስት ያህል አይቼ ተቃጥያለሁ። እነዚህን ትቶ መውጣት ተገቢ ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው ግን ሩብ ሰዓቱን በትዕግሥት ከተቀመጡ በኋላ ነው፤ እኔ በሦስተኛው ደቂቃ ጮህሁ።

ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን በፊት ባለው ሐሙስ ማታ «ላ ዥቴ» እንደ ገና እንዲታይ ኮሚቴውን ለምኜ ተፈቅዶልኛል። ስልካችሁን አጥፉ፤ ስለ ፊልሙም ከዚህ የበለጠ አታንብቡ። ከወደ ኋላ «ቆሟል!» የሚል ቢነሣ እኔ ልቈጣ አልችልም። የምቀመጠው በበሩ አጠገብ ነው፤ መውጣት ለሚፈልግም መንገድ እለቃለሁ።