የሙሳ እህት ሥራ፦ ወደ ግቢ የሚሄደውን ልጅ ከሩቅ መከተል

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የዩኒቨርሲቲ ምደባ በሚወጣበት ሰሞን ወደ ብዙ ቤቶች ደስታና ፍርሃት አብረው ይገባሉ። ደስታው ግልጽ ነው። በ2016 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚህ ወንፊት ያለፈ ልጅ ያለው ቤተሰብ አልሐምዱሊላህ ቢል ይገባዋል። ፍርሃቱ ደግሞ ማታ ማታ ይመጣል። ልጁ ከቤት ርቆ አድሮ አያውቅም፤ የተመደበበት ከተማ ሩቅ ነው፤ ዘመድም የለም። ማን ያስታምመዋል? ከማን ጋር ይውላል? ሶላቱስ?

ይህን የምታነቡት አብዛኞቻችሁ እናት ወይም አባት አይደላችሁም። ወይ ራሳችሁ ሻንጣ እያዘጋጃችሁ ነው፣ ወይ ደግሞ ታናሻችሁን ልትሸኙ ነው። ስለዚህ የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን ስለ አንዲት ልጅ ነው፤ ስለ ሙሳ (ዐ.ሰ) እህት።

*ታሪኩ*

በሱረቱል ቀሶስ ከ7ኛው እስከ 13ኛው አንቀጽ እንደምናገኘው፣ አላህ (ሱ.ወ) ለሙሳ እናት ልጇን እንድታጠባው፣ ስትፈራለት ወደ ውኃው እንድትጥለው፣ እንዳትፈራና እንዳታዝን አሳወቃት፤ እንደሚመልስላትም ቃል ገባላት። በሱረቱ ጣሃ ደግሞ ሕፃኑ በሣጥን ውስጥ እንደተደረገ ተነግሮናል። ልጁ ከሄደ በኋላ የእናቱ ልብ ባዶ ሆነ። አላህ ልቧን ባያጠነክርላት ኖሮ ምስጢሩን ልታወጣው ተቃርባ ነበር። ከዚያም ለእህቱ “ተከተይው” አለቻት። እህቱ በሩቁ ሆና ተመለከተችው፤ ሰዎቹም አላወቁባትም። ሕፃኑ የሌሎችን ሴቶች ጡት እምቢ ባለ ጊዜ ግን ዝም አላለችም፤ የሚያሳድጉትና የሚያዝኑለት ቤተሰቦች ላመልክታችሁ ወይ ስትል ጠየቀቻቸው። በዚህ ሰበብ ሙሳ ወደ እናቱ እቅፍ ተመለሰ።

እዚህ ውስጥ ልጅን ወደ ሩቅ የሚልክ ቤተሰብ የሚፈልገው ሁሉ አለ፦ ዝግጅት፣ ከሩቅ መከታተል፣ በሰዓቱም መድረስ።

*አንደኛ፦ ሣጥኑን ማዘጋጀት*

እናቱ ልጇን እንዲሁ ውኃ ላይ አልጣለችውም። አጠባችው፤ ሣጥንም ነበረው። ተወኩል ማለት ሰበቡን አድርሶ ውጤቱን ለአላህ መተው ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን ልተወውና በአላህ ልመካ ወይ ብሎ ለጠየቃቸው ሰው፣ አስሮ እንዲመካ ነው የነገሩት።

የእኛ ቤተሰቦች ሣጥኑን በበሶና በዳቦ ቆሎ መሙላት ያውቁበታል። ጥሩ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዶርም ውስጥ የእናት በሶ መድኃኒት ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ትራንስክሪፕት፣ ኮፒያቸው፣ ጉርድ ፎቶ፣ አንሶላና ብርድ ልብስም አይረሱም። ከዚህ በላይ የሚከብደው ግን በሻንጣ የማይገባው ነው።

አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ለሱብሒ እናቱ እየቀሰቀሰችው የተነሳ ልጅ፣ ዶርም በገባ በመጀመሪያው ሌሊት ማን ይቀሰቅሰዋል? ልብሱን አጥቦ የማያውቅ፣ የወር ብር በእጁ ይዞ የማያውቅ፣ ሲያመው ብቻውን ክሊኒክ ሄዶ የማያውቅ ልጅ፣ እነዚህን ሁሉ ከትምህርቱ ጋር በአንድ ሳምንት ልማር ቢል ይወድቃል። ስለዚህ ጥሪ እስኪመጣ ባሉት ሳምንታት እናት መቀስቀሷን ትተው፤ በራሱ አላርም ይነሳ። የሳምንቱን የቤት አስቤዛ እሱ ይግዛ፣ ሒሳቡንም ያወራርድ። ታላቅ ወንድም ወይም እህት ከሆናችሁ ይህን ለእናታችሁ በፍቅር ማስረዳት የእናንተ ሥራ ነው።

የገንዘብ ነገርም ከመሳፈሪያው ቀን በፊት በግልጽ ይነገር። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪው በወጪ መጋራት ውል ፈርሞ ይማራል፤ የድርሻውንም ከተመረቀ በኋላ ይከፍላል። ይህን ወላጅም ተማሪም ይወቀው። ለኪስ የሚላከውን በተመለከተ ከመጠኑ ይልቅ ቀኑ መታወቁ ይጠቅማል። ትንሽም ብትሆን በታወቀ ቀን የምትደርስ ብር ልጁን ከብድር ታድነዋለች። አቅም የሌለው ቤተሰብም አይፈር። ኢማሙ ሻፊዒይ በ150 ዓመተ ሂጅራ ጋዛ ውስጥ ተወልደው አባታቸውን በልጅነታቸው አጡ። እናታቸው ናቸው ወደ መካ ይዘዋቸው የሄዱት። ድሃ ነበሩ፤ ልጃቸውን ግን ከዕውቀት ደጃፍ አደረሱ።

*ሁለተኛ፦ ከሩቅ መከተል*

እህቱ ሣጥኑን ይዛ አልተጎተተችም፤ ፊቷን አዙራም ወደ ቤት አልገባችም። ከሩቅ ሆና አየችው። ከባዱም ይኸው ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ከሁለት አንዱን ይመርጣልና። አንዱ በቀን አምስት ጊዜ እየደወለ ልጁን ከክፍል ያስወጣዋል። ሌላው “አሁንማ ትልቅ ሰው ሆኗል” ብሎ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ይረሳዋል።

መጀመሪያ የሚመጣው ናፍቆት ነው። ማሊክ ኢብኑል ሑወይሪስ (ረ.ዐ) ከእኩዮቻቸው ጋር በወጣትነታቸው ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ መጥተው ሃያ ሌሊት ያህል እንደቆዩ ቡኻሪ ዘግበውታል። ረሱል ቤተሰቦቻቸው እንደናፈቋቸው አስተዋሉ፤ ማንን ትተው እንደመጡም ጠየቋቸው። ከዚያም ወደ ቤተሰባቸው ተመልሰው የተማሩትን እንዲያስተምሩ አዘዟቸው። ሱብሐነላህ! ነቢያችን የተማሪን ናፍቆት እንደ ድክመት አልቆጠሩትም። ልጁ በሁለተኛው ሳምንት ደውሎ “ልመለስ” ቢል፣ “አታሳፍረን” ማለትም፣ ወዲያው “በል ና” ማለትም አይረዳውም። ያዳምጡት፤ ናፍቆቱን ይመኑለት፤ “እስከ መጀመሪያው ፈተና ታገስና ያኔ እንነጋገራለን” ይበሉት።

የስልኩን ሰዓት አስቀድማችሁ ተስማሙበት። የልጁን የክፍል ፕሮግራም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለእናታችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉላት። ጥያቄያችሁንም ለውጡ። “ሰገድክ?” ለሚለው መልሱ “አዎ” ነው፤ “ትምህርት እንዴት ነው?” ለሚለው ደግሞ “ጥሩ ነው”። ከሁለቱም የምታውቁት ነገር የለም። “ሱብሒን ከማን ጋር ትሰግዳለህ? ምሳ ከማን ጋር በላህ? የትኛው ኮርስ ከበደህ?” በሉት። ብቻውን የሚበላ ልጅ ሳይነግራችሁ ብዙ ነግሯችኋል።

ሌላም አለ። በአገራችን ልጅን ለዕውቀት ሩቅ መላክ አዲስ ነገር አይደለም። የወሎ ደረሳ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ዳና፣ ወደ ገታ እየተጓዘ ከሸይኽ ዘንድ ይቀራ ነበር፤ የመንደሩም ሰው ያበላው ነበር። ስልክ አልነበረም፤ ግን ወላጅ ልጁን ለቦታ ሳይሆን ለሰው ነበር አደራ የሚሰጠው። እኛም እንጠይቅ፦ ልጃችንን ለማን አደራ ሰጠን? እዚያ ግቢ ያለ የአገራችን ልጅ፣ የሰፈሩ መስጂድ ኢማም፣ በብዙ ግቢዎች አዲስ ገቢዎችን የሚቀበሉ የሙስሊም ተማሪዎች ጀማዓ አሉ። አንድ የታወቀ ሰው፣ አንድ ስልክ ቁጥር ቤት ውስጥ ይኑር።

*ሦስተኛ፦ በሰዓቱ መድረስ*

ሕፃኑ እምቢ ባለ ጊዜ እህቱ ተናገረች። ንግግሯን ግን አስተውሉ። “ወንድሜ ነው!” ብላ አልጮኸችም፤ ምስጢሩን ሳታወጣ መፍትሔ ይዛ ቀረበች።

ግቢ ውስጥ ይህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከውጤት ጋር ነው። በትምህርት ቤቱ አንደኛ የነበረ ልጅ ሁሉም አንደኛ የነበሩበት ክፍል ይገባል። የመጀመሪያው ፈተና ይሰብረዋል። አጠቃላይ ነጥቡ ከ2.00 በታች ሆኖ መመረቅ እንደማይቻል፣ ዝቅ ያለ ነጥብም ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያም መባረር እንደሚያስከትል ይሰማል። ለቤት ግን “ጥሩ ነው” ይላል። ቀጥሎ የሚሆነው በየግቢው የታወቀ ነው፦ ልጁ ይባረራል፣ ቤት ግን አይሰማም። ብር መላኩ ይቀጥላል፤ ልጁ በከተማው ኪራይ ቤት ተደብቆ ይኖራል። አንዳንዱ እውነቱ የሚወጣው ቤተሰቡ የምረቃ ልብስ ሲያዘጋጅ ነው።

ይህን ልጅ ውሸታም ብሎ መርገም ቀላል ነው። ግን እንጠይቅ፦ ያ ቤት መጥፎ ዜና የሚነገርበት ቤት ነበር ወይ? ብዙ ወላጅ የማያውቀው ነገር አለ። የታመመ ወይም ነገሩ ከአቅሙ በላይ የሆነበት ተማሪ በሕጉ መሠረት ዊዝድሮው ሞልቶ ትምህርቱን ማቋረጥና በኋላ እንዲመለስ ማመልከት ይችላል። ቅጹን ሳይሞላ ሻንጣውን ይዞ የጠፋ ግን ይህን ዕድል ሊያጣ ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዳንዴ አንድ የስልክ ጥሪ ነው። ልጁ የሚደውለው ደግሞ እንደማይዋረድ ካወቀ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከመሄዱ በፊት አባት አንድ ቃል ይንገሩት፦ “ብትወድቅም ከእኔ አፍ ከመስማትህ በፊት እኔ ካንተ አፍ ልስማ። አልጥልህም።” ታላላቆችም ሲነገራችሁ ለዘመድ አታሰራጩ። መፍትሔ ፈልጉ፦ የሚያስጠናው ሲኒየር፣ የሚያነጋግረው አድቫይዘር፣ ክሊኒኩ፣ ሬጅስትራሩ።

ለእህቶቻችን ይህ ቃል እጥፍ ያስፈልጋል። አንዲት ተማሪ ከመምህር ወይም ከተማሪ ትንኮሳ ቢደርስባት ብዙ ጊዜ ዝም የምትለው፣ ቤት ከሰማ ከትምህርቷ እንደሚያስቀራት ስለምትፈራ ነው። ያን ጊዜ ፍርሃቷ ለበዳይዋ ጋሻ ይሆናል። “ብትነግሪን አንቺን አንወቅስም፤ ከትምህርትሽም አናስቀርሽም” ይባል። በአብዛኞቹ ግቢዎች የሥርዓተ ጾታ ጽሕፈት ቤት እንዳለም ትወቅ።

*ለተጓዦቹ*

እናንተ ሻንጣ የምታዘጋጁ ደግሞ አንድ ነገር ስሙ። የእናታችሁን ጭንቀት “ሕፃን አይደለሁም እኮ” ብላችሁ አታጣጥሉት። የሙሳ እናት ከአላህ ቃል ተገብቶላትም ልቧ ባዶ ሆኗል። እናንተ ሳትጠየቁ ደውሉ። መጥፎውን ዜና ቶሎ፣ እንዳለ ንገሩ። የተላከላችሁን ብር እንደ አማና ያዙ። ወላጅ ለልጁ የሚያደርገው ዱዓ ከማይመለሱት ዱዓዎች መሆኑን አትርሱ፤ ሁልጊዜም አስደርጉ።

በመሸኛው ቀን አባት ወይም እናት መኪናው ሳይነሳ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ተጓዥን ሲሸኙ ያደርጉት የነበረውን ዱዓ ያድርጉ፤ የልጁን ዲን፣ አማናውንና የሥራውን ፍጻሜ ለአላህ አደራ ይስጡ። አላህ ዘንድ የተቀመጠ አደራ አይጠፋም።

ዛሬ ጁሙዓ ነው። ግቢ ውስጥ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ ከዐስር በኋላ ደውሉ። ስለ ውጤት አትጠይቁ። ምሳ ከማን ጋር እንደበሉ ጠይቁ፤ ከዚያም አዳምጡ።

አላህ ከቤታቸው ርቀው ዕውቀት የሚፈልጉትን ሁሉ ይጠብቅልን፤ የእናቶቻቸውን ልብ ያጽናልን፤ ዓይናቸው በልጆቻቸው የሚረጋ ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ