ጎጆ መቁጠርና ጥንድ መቁጠር፦ የጥቁር ንስር ጎጆ አሠራር ምልከታ ለቆጠራ ያለው ፋይዳ

መግቢያ

በአንድ ገደል ላይ ሦስት የንስር ጎጆዎች ቢታዩ በአካባቢው ስንት ጥንድ ንስሮች ይኖራሉ? ሦስቱም ጎጆዎች የአንድ ጥንድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ባለቤቶቻቸው ከጠፉ ዓመታት ያለፏቸውም ሊሆኑ ይችላሉ። ጎጆን እንደ ጥንድ የሚቆጥር ጥናት በመመናመን ላይ ያለን ዝርያ ደኅና እንደሆነ አድርጎ ሊዘግብ ይችላል፤ ወፉ ከጠፋም በኋላ ጎጆው በገደሉ ላይ ይቆያልና። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ለጥያቄው የተሻለ መልስ የሚገኘው የጎጆውን ሥራ በመከታተል መሆኑን፣ ይህ ምልከታ ግን የራሱ ወሰን እንዳለው ማሳየት ነው። ለማሳያነት የተመረጠው በኢትዮጵያም የሚገኘው ጥቁር ንስር (አኩዊላ ቬሮክሲ) ነው።

የጎጆው አሠራር

ጥቁር ንስር በአፍሪካ ተራራማና ድንጋያማ ስፍራዎች የሚኖር፣ በጀርባው ላይ ነጭ ምልክት ያለው ታላቅ አዳኝ ወፍ ነው። ዋና ምግቡ ሽኮኮ ነው። ጥንዱ ለረጅም ዘመን አብሮ ይኖራል፤ ይዞታውንም ከሌሎች ጥንዶች ይከላከላል። በአንድ ይዞታ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ጎጆ ስለሚኖር፣ ጥንዱ አንዱን ዓመት በአንዱ፣ ሌላውን ዓመት በሌላው ሊጠቀም ይችላል።

ጎጆው አብዛኛውን ጊዜ በገደል እርከን ላይ፣ አልፎ አልፎም በዛፍ ላይ ይሠራል። ወንዴውም ሴቴውም ደረቅ ቅርንጫፍ እያመጡ ይደረድራሉ፤ መካከሉን ጎድጎድ አድርገው ለምለም ቅጠል ያነጥፉበታል። አሮጌው ጎጆ አይፈርስም፤ በየወቅቱ አዲስ ንብርብር ይጨመርበታል። በዚህም ምክንያት ስፋቱ እስከ 1.8 ሜትር፣ ቁመቱም እስከ 2 ሜትር ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ የጎጆው ግዝፈት ስላለፉት ዓመታት እንጂ ስለ ዘንድሮው አይመሰክርም። ስለ ዘንድሮው የሚመሰክረው ከላይ የተጨመረው ቅርንጫፍና በመካከሉ የተነጠፈው ቅጠል ነው። የተቆረጠ ቅጠል በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚጠወልግ፣ በጎጆው ውስጥ የሚታይ ለምለም ቅጠል ወፉ በቅርቡ እዚያ እንደነበረ ያረጋግጣል።

ከማቶቦ የተገኘው ትምህርት

ይሁን እንጂ ጎጆ መታደሱ ዕንቁላል ለመጣሉ ማረጋገጫ አይሆንም። ይህን በግልጽ ካሳዩት ጥናቶች አንዱ በዚምባብዌ የማቶቦ ኮረብቶች የተካሄደው ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረው ይህ ክትትል በአብዛኛው በበጎ ፈቃደኛ የወፍ ተመልካቾች የተሠራ ሲሆን፣ ለረጅም ዓመታት ያስተባበሩት ቫለሪ ጋርጌት ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1990 በመጽሐፍ አሳትመዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ የ31 ዓመታት መረጃን ከዝናብ መጠን ጋር ያገናዘበ ጥናት ታትሟል። ጥንዶቹ በየዓመቱ ዕንቁላል አይጥሉም፤ ጎጯቸውን አድሰውና ቅጠል አንጥፈው ሳይራቡ የሚያልፉባቸው ዓመታትም አሉ።

ከዚህ ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች ሊመነጩ ይችላሉ። የታደሰውን ጎጆ ሁሉ እንደተራባበት የሚመዘግብ ተመራማሪ የመራባቱን መጠን ያጋንናል። ዕንቁላል ያለበትን ብቻ የሚመዘግበው ደግሞ በዚያ ዓመት ያልተራባውን ጥንድ ከነጭራሹ ከቆጠራው ያወጣዋል። ሰርጌይ ፖስቱፓልስኪ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ በአዳኝ ወፎች ጥናት ላይ የቃላት አጠቃቀም መዘበራረቅ የሚያስከትለውን ችግር አመልክተው፣ መለኪያዎቹ ተለይተው እንዲበየኑ ጠይቀዋል። በአማርኛም «የተያዘ ይዞታ» እና «ዕንቁላል የተጣለበት ጎጆ» የሚሉትን ለይቶ መጠቀም ይገባል። የጎጆ ግንባታ ምልከታ የመጀመሪያውን ያረጋግጣል፤ ለሁለተኛው ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል። ይህም ዕንቁላል ከተጣለ በኋላ ለ45 ቀናት ያህል የሚቆየው፣ ሁለቱም ወፎች የሚካፈሉት መታቀፍ ነው።

የምልከታው ስልት

ሁለቱን ለመለየት አንድ ጉብኝት አይበቃም። ግንባታው ሲጀመር፣ መታቀፍ በሚጠበቅበት ጊዜና ጫጩት በሚያድግበት ወቅት ተመሳሳይ ይዞታን ደጋግሞ መጎብኘት ያስፈልጋል። ወፍ ያልታየበት ሰዓትም መመዝገብ አለበት፤ አለመታየት አለመኖር አይደለምና፣ ፍለጋው ምን ያህል እንደቆየ ሳይታወቅ «የለም» የሚል መደምደሚያ ክብደት አይኖረውም።

የርቀት ጉዳይም ከስልቱ አይነጠልም። ንስሮች ዕንቁላል ከመጣላቸው በፊት ከተረበሹ ጎጆውን ትተው ሊሄዱ ይችላሉ። ወደ ገደሉ የሚጠጋ ተመልካች ሊለካ የመጣውን ነገር ራሱ ይለውጠዋል፤ ጥንዱ ሥራውን ቢያቋርጥም ምክንያቱ ድርቅ ይሁን የሽኮኮ ማነስ ወይስ የተመልካቹ መገኘት መለየት አይቻልም። ስለዚህ ከገደሉ ባሻገር ካለ ቋሚ ቦታ፣ በአጉሊ መነጽር የሚደረግ ምልከታ ለወፉም ለመረጃውም ይበጃል።

አንድምታው ለኢትዮጵያ

በባሌ ተራሮች ጉዳዩ ሌላ ገጽታ አለው። በዚያ ከጥቁር ንስር በተጨማሪ ወርቃማው ንስር (አኩዊላ ክሪሳይቶስ) ይራባል። ሁለቱም በገደል ላይ ከቅርንጫፍ ትልልቅ ጎጆዎችን ስለሚሠሩ፣ ባዶ ጎጆ የማን እንደሆነ በመልኩ ብቻ መወሰን አያስተማምንም። እዚያ የጎጆ ግንባታን መከታተል ጥንዱ መኖሩን ከማረጋገጥ አልፎ የዝርያውን ማንነት ይለያል።

ማጠቃለያ

ጎጆ ቅርስ ነው፤ ግንባታ ግን ድርጊት ነው። ቅርሱን ብቻ የሚቆጥር ጥናት ያለፈውን ከአሁኑ ይቀላቅላል። የጎጆ ግንባታን ከሩቅና በተደጋጋሚ የሚመለከት፣ የተያዘውን ይዞታ ዕንቁላል ከተጣለበት ጎጆ የሚለይ ጥናት ግን ስንት ጥንድ እንዳለና ከእነርሱ ስንቱ እንደተራባ ለየብቻ ሊመልስ ይችላል። የጥበቃ ውሳኔም ሁለቱንም መልሶች ይፈልጋል፤ ጥንዶቹ ባሉበት ሆነው መራባት ቢያቆሙ፣ ችግሩ ሊታወቅ የሚችለው ሁለቱ ቁጥሮች ተለይተው ሲመዘገቡ ነውና።