ክሊሩ ይቀባ ወይስ ይቅር?

«ጋሼ፣ ቀለሙን ብቻ አስረጭቼ ብተወውስ? ክሊሩ የግድ ነው እንዴ?»

ጠያቂው ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ የሚሠራ ወጣት ነው። ያገለገለች ብርማ መኪና ገዝቶ ሁለት ክረምት ሳይሞላው የጣሪያዋና የኮፋኖዋ ክሊር፣ ማለትም ከቀለሙ በላይ የሚደረበው ጥርት ያለ ንጣፍ፣ ነጭ ነጭ እያለ መላጥ ጀመረ። ጋራዥ ወስዶ ያስገመተው ዋጋ አስደንግጦታል። የተጠየቁት አዛውንት ዕድሜያቸውን ቀለም ሲረጩ የኖሩ ናቸው፤ መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ኋላም ሮተርዳም። አሁን ጡረታ ወጥተው ዴን ሃግ ይኖራሉ። እህታቸውን ሊቀበሉ መጥተው አውሮፕላኑ ስለዘገየ፣ ጊዜ ነበራቸው።

አዛውንቱ መጀመሪያ የተላጠውን ጠርዝ በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«የቀለሙ ዓይነት ሳይታወቅ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም» አሉ። «ያንተ ብርማ ነው፤ ውስጡ የአሉሚኒየም ብናኝ አለበት። ብናኙን ራቁቱን ከተውከው ውሃና አየር ያገኘዋል፣ ይጠቁራል፣ ብልጭታው ይጠፋል። ደግሞ ዛሬ ከክሊሩ ሥር የሚረጨው ቤዝ ኮት ሲደርቅ ደብዛዛ ነው። ሥራው መልኩን መስጠት ብቻ ነው፤ ማብራቱንም መከላከሉንም ለክሊሩ ትቶለታል። ላንተ መኪና ክሊሩ የግድ ነው።»

«የአዲስ አበባ ላዳዎች ግን ክሊር ነበራቸው?»

«አልነበራቸውም! ስንቱን ሰማያዊና ነጭ ላዳ በእጄ ረጭቻለሁ። ድፍን ቀለም ነው፤ መልኩም፣ ማብራቱም፣ መከላከያውም በአንዱ ንጣፍ ውስጥ ነው። ለማወቅ ከፈለግህ ነጭ ጨርቅ ላይ ትንሽ ፖሊሽ አድርገህ የማይታይ ቦታ ላይ እሸው። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ከላይ ክሊር የለውም፤ ነጭ እንደሆነ ከቀረ ክሊር አለው።»

ድፍን ቀለም በደንብ ከተሠራ ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ሲደበዝዝም በፖሊሽ የሞተውን ገጽ አንስቶ እንደገና ማብራት ይቻላል። ጠላቱ ፀሐይ ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የስኪፖል አስፋልት ግን በ1852 እ.ኤ.አ. ውሃው ተመጥጦ የደረቀ የሐይቅ ወለል ላይ ያረፈ ስለሆነ ከባሕር ወለል በታች ነው። እዚህ አሥር ዓመት የሚኖር ቀለም እዚያ ቶሎ ወደ ዱቄትነት ቢለወጥ አያስገርምም። ወደ አገር ቤት መኪና የሚልክ ሰው ይህን ልብ ሊለው ይገባል።

«ስለዚህ ክሊር አዲስ ፈጠራ ነዋ» አለ ወጣቱ።

አዛውንቱ በዚህ አልተስማሙም። ዴን ሃግ ወደሚገኘው የላውማን የመኪና ሙዚየም ሄዶ የ1903ቱን ስፓይከር መኪና እንዲያይ መከሩት። ስፓይከርን የሠሩት ወንድማማቾች መኪና ከመሥራታቸው በፊት የአምስተርዳም ሠረገላ ሠሪዎች ነበሩ፤ በ1898 ለንግሥት ዊልሄልሚና የተበረከተው የወርቅ ሠረገላ የእነሱ ሥራ ነው። በዚያ ዘመን የሠረገላ ቀቢ ቀለሙን በብሩሽ ደራርቦ ሲያበቃ በላዩ ጥርት ያለ ቫርኒሽ ይደርብበት ነበር። ሥራው ግን ሳምንታት ይፈጃል። በ1920ዎቹ ዱኮ የተባለው የዱፖንት ናይትሮ ቀለም መጥቶ በሰዓታት ውስጥ መድረቅ ሲጀምር ፋብሪካዎች አንዱን ንጣፍ እየረጩ መኪናውን መሸኘት ቻሉ። ኋላ ብርማ ቀለም ሲወደድ ያ የሠረገላ ቀቢዎች ዘዴ በአዲስ ኬሚካል ተመለሰ። ዛሬ ድፍን ነጭ ወይም ጥቁር መኪና እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ የሚወጣው ክሊር ተደርቦበት ነው።

«የማያበሩት፣ ማት የሚባሉትስ?»

«እነሱም አላቸው። ክሊሩ ውስጥ ብርሃን የሚበትን ነገር ተጨምሮበታል እንጂ አልቀረም። ፖሊሽ ብታደርገው ግን ታበላሸዋለህ።»

የወጣቱ መኪና ለምን እንደተላጠች ሲያስረዱ የአዛውንቱ ድምፅ ከፍ አለ። የክሊር ውፍረት ከ40 እስከ 50 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ ይህም ከአንድ ሚሊሜትር ሃያኛ አይበልጥም። ውስጡ አልትራቫዮሌትን የሚውጥ ቅመም አለ። ሻጮች መኪናውን ለማሳመር በማሽን በተደጋጋሚ ሲፍቁት፣ ያ ስስ ንጣፍ ከቅመሙ ጋር ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ጨረሩ አልፎ ከሥር ያለውን ቤዝ ኮት ይበላል፣ ክሊሩ የሚይዘው ነገር ያጣና ይለቃል። መጀመሪያ የሚለቀው ጣሪያና ኮፋኖ የሆነው ፀሐይን ፊት ለፊት የሚቀበሉ እነሱ ስለሆኑ ነው።

«እንግዲያው የተላጠው ላይ ክሊር ብቻ ልርጭበት። ጣሳው ሱቅ ይሸጣል፤ ቤቴ ጓሮ አለኝ።»

«ተው ልጄ!» አሉ። «አንደኛ፣ ዙሪያው ያለው ክሊርም ለቋል፤ አዲሱን ይዞት ይነሳል። እስከ ጤነኛው ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ወርዶ፣ ቤዝ ኮቱ እንደገና ተረጭቶ፣ ክሊሩ ጊዜው ሳያልፍበት መደረብ አለበት። ሁለተኛው ይብሳል። ጠንካራው ክሊር ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ነው፤ ማጠንከሪያው አይሶሳይኔት ይባላል። ሳንባ ይጎዳል፣ አስም ያመጣል። አንዴ ሰውነትህ ከጠላው ጥቂቱም ይበቃሃል፤ ሥራውን ትተዋለህ። ሽታውም አያስጠነቅቅህም፤ አፍንጫህ ሳይሰማው ነው የሚጎዳህ።»

በአውሮፓ ኅብረት ከነሐሴ 24 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከመቶ 0.1 በላይ ዳይአይሶሳይኔት ባለበት ዕቃ በሙያ የሚሠራ ሰው ሥልጠና መውሰድ ግዴታው ሆኗል። ደህና ጋራዥ ውስጥ ቀቢው ንጹሕ አየር በቱቦ የሚደርሰው ጭንብል አጥልቆ፣ አየር በሚመጥ ክፍል ውስጥ ይረጫል። አዛውንቱ አዲስ አበባ ሳሉ አብረዋቸው ይሠሩ የነበሩ ልጆች ግን አፍንጫቸውን በሻሽ አስረው ነበር የሚረጩት። ዛሬም በዚያ መንገድ የሚረጭ ወጣት ባዩ ቁጥር ያማቸዋል፤ ይህንንም ሳይደብቁ ተናገሩ። የክሊር ዋጋ ሲጠየቅ ከጣሳው በላይ የዚያ ጭንብልና የዚያ ክፍል ዋጋ አብሮ መታሰብ አለበት፤ እሳቸው ርካሽ ጋራዥ ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት ቀቢው ምን እንዳጠለቀ ነው።

ወጣቱ ዝም ብሎ ቆየና፣ «ገንዘቡ ለኮፋኖውና ለጣሪያው አንድ ላይ አይበቃኝም» አለ።

«ኮፋኖውን ዘንድሮ፣ ጣሪያውን ለከርሞ አሠራ። ላሜራው ካልዛገ አይቸኩልም፤ የለቀቀው መልክ ያበላሻል እንጂ መኪናውን አያቆምም። ግን ጣሪያውን ስታሠራ አንድ ነገር ጠይቅ፤ ‹አዲሱ ክሊር የት ላይ ነው የሚያልቀው?› በል። ‹ከኋላ ምሰሶው መሐል ላይ አሳስተን እናጠፋዋለን› ካሉህ አትስማማ፤ የሳሳው ጠርዝ ቀድሞ ይነሳል። ‹መጋጠሚያው ድረስ ሙሉውን እንወስደዋለን› ካሉህ መኪናህን ስጣቸው።»