ጋቢና ውስጥ ማደር፦ ወገብ የሚሰብረው ጣውላ፣ ከሰሉ እና የነቀዙ ክኒን

ዛሬ የምናወራው ስለ እንቅልፍ ነው፤ ግን መኪና ላይ ስለሚታደረው እንቅልፍ።

ኅዳርና ታኅሣሥ በሲሬና በአካባቢው ስንዴ የሚታጨድበት ጊዜ ነው። አይሱዙው ኮምባይነሩን እየጠበቀ ማሳ ዳር ሁለት ሦስት ሌሊት ይቆማል። ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ፣ ረዳቱ ደግሞ ጭነቱ ላይ ሸራ ለብሶ ያድራል። የአርሲን ደጋ የኅዳር ብርድ የቀመሰ ሰው ቀሪውን አይጠይቀኝም።

ባለፈው አንድ ሹፌር ወገቡን ይዞ መጣ። «ዶክተር፣ ዲስክ ነው መሰለኝ፣ ኤምአርአይ ይታዘዝልኝ» አለኝ። «የት ነው የምታድረው ወንድሜ?» ስለው ሳቀና ከወንበሩ ጀርባ ያሠራውን መኝታ በስልኩ አሳየኝ። ሁለት ጣውላ ነው። ጠባብ ነው፤ ትከሻው ወደ ውጭ ይንጠለጠላል። ሁለቱ ጣውላዎች የሚገናኙበት ቦታ ላይ አንዱ ከሌላው ሁለት ጣት ያህል ከፍ ይላል፣ እሱም ልክ ወገቡ ሥር! ላዩ ላይ አንድ የታጠፈ ብርድ ልብስ። እግሩ አይደነዝዝም፣ ሽንቱንም ይቆጣጠራል። ስለዚህ ከኤምአርአይ በፊት አናጺ ጋ ላክሁት። (እግር ከደነዘዘ ወይም ከሰነፈ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል!)

ለአናጺው ምን ይባል? መገጣጠሚያው ከሥሩ ሞራሌ ይግባለትና ሁለቱ ጣውላዎች እኩል ይረፉበት፤ ከተቻለ ከወገብ ሥር ወደ ጉልበት አካባቢ ይሽሽ። ስፋቱ ቢያንስ 60 ሳንቲ ይሁን። ቦታ ከሌለ ቀን ቀን የሚታጠፍ ተጨማሪ ቁራጭ በማጠፊያ ማሠራት ይቻላል። 12 ሚሊ ኮምፔርሳቶ ቶሎ ይጎብጣል፣ 18 ሚሊው ይሻላል። ከዚያ ጣውላውን ብሱት። አዎ፣ በመሰርሰሪያ ብዙ ቀዳዳ! ሌሊቱን ሙሉ ከሰውነታችንና ከትንፋሻችን የሚወጣው እርጥበት ቀዝቃዛው ጣውላና ፍራሹ መካከል ይጠራቀምና ይሻግታል፤ አስም ላለበት ሰው ደግሞ ሻጋታ ጠላት ነው። ላዩ ላይ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ጠንከር ያለ ስፖንጅ በቂ ነው። ብርዱ ከሥርም ስለሚመጣ ይህ ስፖንጅ ከሁለተኛ ብርድ ልብስ ይበልጣል። ጣውላው በደንብ ይታሰር፤ ፍሬን ሲያዝ ማጅራት ላይ እንዳይመጣ።

ወገብ አይገድልም። የሚገድለው ከሰሉ ነው።

«ዶክተር፣ ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ካለቀ በኋላ ነው የምናስገባው» ይሉኛል። የቀላ ከሰልም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታም ቀለምም የለውም፣ ከደም ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። ደጋ ላይ አየሩ ራሱ ስስ ስለሆነ ነገሩ ይብሳል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ። መስኮቱን ትንሽ ከፈት ማድረግ አያስተማምንም። ሞተር አስነስቶ ማደርም ያው ነው፣ በተለይ የጭስ ማውጫው ከተበሳ። ጋቢ፣ ካልሲ፣ ኮፍያ!

ሹፌሩን ስሸኘው «ረዳትህስ የት ነው የሚተኛው?» አልኩት። «ስንዴው ላይ» አለኝ። እዚህ ላይ ደነገጥኩ። ለነቀዝ የሚጨመረው ክኒን፣ አልሙኒየም ፎስፋይድ፣ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይለቃል። ሸራው ጋዙን አፍኖ ይይዘዋል፣ ረዳቱም ከሸራው ሥር ነው። ነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ሊሸት ይችላል፤ ካልሸተተም ግን ሰላም ነው ማለት አይደለም። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ወተትም አያድንም። መድኃኒት የገባበት እህል ላይ ማንም አይተኛ፤ ገብቶ እንደሆነ ከማሳው ባለቤት ወይም ከነጋዴው ጠይቁ።

ጠዋት ስትቀሰቅሱት ያልነቃ ወይም የሚያስመልሰው ሰው ካጋጠማችሁ በሩን ክፈቱ፣ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ አውጡት፣ ወዲያው ጤና ተቋም አድርሱት። ለባለሙያው «ጋቢና ውስጥ ከሰል ነበር» ወይም «ክኒን የገባበት ስንዴ ላይ ነው ያደረው» ብላችሁ ንገሩ። ይህን የምለው ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በከሰል መርዝ ጊዜ ስለሚሳሳት ነው፤ ታማሚው እየተጎዳ 98 ሊያሳይ ይችላል። በተራ አየር በደሙ ያለው መርዝ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፣ በንጹሕ ኦክስጅን ግን ከአንድ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ።